የሦስተኛው ቀን ደም

ጥቅምት 4

የተከበሩ አባባ፣

እንዴት ከርመዋል? እኔ በዎርዱ ጠዋት ጠዋት ደም ስቀዳልዎ የነበርኩት ነርስ ነኝ። «እጅሽ ቀላል ነው፣ መርፌሽ ነው ከባድ» ይሏት የነበረችው፣ ያቺ።

ደብዳቤ የጻፍኩልዎ ስልክ ጠልቼ አይደለም። ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ሦስቴም አነሱት፤ «ማን ልበል? ጮክ በል!» አሉና ዘጉት። እኔም ጮክ ስል የሚቀጥለው ክፍል ሰዎች ምን ሆነች ብለው መጡ። ጆሮዎ እንደማያግዝዎ መዝገቡ ላይ ተጽፎ ሳለ መደወሌ የኔ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ወደ ጥናቱ ከገቡ ትናንት ሃያ ስምንት ቀን ሞላ። የፈረሙት በትኩሳት ላይ ሆነው ስለሆነ ነገሩን እንደገና ላስረዳዎ። ባክቴሪያ ሳንባቸው ወይም ደማቸው ውስጥ የገባባቸውን፣ ዕድሜያቸው ከስልሳ አምስት በላይ የሆኑ ሰዎች ደም በመጀመሪያው፣ በሦስተኛውና በአምስተኛው ቀን እንቀዳለን። ሰውነት ሲጠቃ ደም ውስጥ ከፍ የሚል፣ ሲያገግም ዝቅ የሚል ንጥረ ነገር አለ። ቁጥሩ ማን እንደሚድን፣ ህመሙ በማን ላይ እንደሚጠና አስቀድሞ ይናገር እንደሆነ ማወቅ እንፈልጋለን። ለዚህም በሃያ ስምንተኛው ቀን፣ በዘጠናኛው ቀንና በዓመቱ እያንዳንዱን ሰው «እንዴት ነዎት?» ብለን እንጠይቃለን፤ በዓመቱ ደግሞ አንድ ጊዜ ደም እንቀዳለን።

እባክዎ ይመልሱልኝ። ህመሙ ተመልሶብዎታል? ሌላ ሀኪም ቤት ገብተው ነበር? ደረጃ ያለ ሰው እርዳታ ይወጣሉ? ይህን መልስ የጻፈው ማን ነው?

ከአክብሮት ጋር፣
ነርሷ


ጥቅምት 13

ልጄ፣

ሕመሙ አልተመለሰብኝም። ሌላ ሐኪም ቤት አልገባሁም። ደረጃ እወጣለሁ፤ አርባ ሁለት ነው። ሃያ አንደኛው ላይ ቆሜ በመስኮት የማይ እመስላለሁ እንጂ እያረፍኩ ነው። ይህን የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ሌላ ማን ይጽፍልኛል።

አሁን አትቀየሚኝ፣ የሥራ ነገር ሆኖብኝ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት በማተሚያ ቤት አራሚ ነበርኩ። ስህተት ያለበት ወረቀት ፊቴ ሲቀመጥ እጄ ራሱ ቀይ እስክሪብቶ ፍለጋ ይሄዳል። «ህመም» ብለሽ በሀሌታው ሀ ጽፈሻል፤ በሐመሩ ሐ ነው። «ሀኪም»ም እንዲሁ። ይህ ለታመመ ሰው ምን ይጠቅመዋል ትይኝ ይሆናል። ምንም። ግን ሰው የሚሰጠው ያለውን ነው።

ፎርምሽ ላይ አንድ ጥያቄ ጎድሏል። «ከማን ጋር ያወራሉ?» ብትይኝ ኖሮ ከሹፌሩ ጋር እልሽ ነበር። አልጋ ቁጥር ሰባት፣ አገር አቋራጭ አውቶብስ ሲነዳ ያረጀው። ስምንት ቀን ጎን ለጎን ተኛን። እኔ አልሰማ፣ እሱ ሳንባውን ታሞ መጮህ አይችል፤ ስለዚህ በመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ላይ እየጻፍን ተጨዋወትን። መጀመሪያ የጻፈልኝ «ጎረቤት፣ ስታንኮራፋ ዳገት ላይ ማርሽ የምትቀይር ትመስላለህ» የሚል ነው። ሦስት ስህተት ነበረው። አርሜ መለስኩለት። ወዳጅ የሆንነው እንዲህ ነው።

አሁን በፖስታ ቀጥለናል። እሱ የሚኖረው ሌላ ከተማ፣ ከአንዲት ሴትዮ ቤት አንድ ክፍል ተከራይቶ ነው። ይጽፋል፣ በቀይ አርሜ እመልስለታለሁ፣ ከአሥርም ማርክ እሰጠዋለሁ። ባለፈው ስድስት አገኘ። «ሰባት ካልሰጠኸኝ መንገድ ላይ አወርድሃለሁ» ብሎኛል።

እንግዲህ እኔም ልጠይቅሽ። እሱ በስምንት ቀኑ ወጣ፤ እኔ አሥራ ዘጠኝ ቀን ተኛሁ። የኔ ቁጥር ስንት ነበር? የሱስ? የዚያ ንጥረ ነገር ስሙስ ማን ነው? አራሚ ሆኜ ኖሬ፣ ስሙን እንኳ የማላውቀው ነገር ሊገድለኝ ነበር ቢባል ደስ አይለኝም።


ኅዳር 1

አባባ፣

ፕሮካልሲቶኒን ይባላል። በአንድ መስመር ከገባልዎ እሰየው።

ቁጥሩን ግን ልነግርዎ አልችልም። ውጤቱ ጥናቱ እስኪያልቅ በታሸገ ፋይል ነው የሚቀመጠው። የሚያክመው ሐኪም ካየው ሕክምናውን ሊለውጥ ይችላል፤ ታካሚው ካየው ደግሞ ወይ ይጨነቃል፣ ወይ ይዘናጋል። ደንቡ ይህ ነው።

ሐኪምን በሐመሩ ሐ ጻፍኩ። አዩልኝ?

ከደብዳቤው በኋላ በላኩልኝ ፖስታ ካርድ ላይ «አንቺስ ከማን ጋር ታወሪያለሽ?» ላሉኝ፣ ከብዙ ሰው ጋር አወራለሁ። ዝርዝሬ ላይ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው አለ። ጠዋት እደውላለሁ። ስልኩን ራሳቸው ካነሱት ደስ ይለኛል። ሌላ ሰው ካነሳው ገና «ሃሎ» ከማለቱ አውቀዋለሁ። ያኔ «እግዜር ያጽናችሁ» እልና፣ ቀኑን ጠይቄ፣ ፎርሙ ላይ «አርፏል» በምትለው ሣጥን ውስጥ ምልክት አደርጋለሁ። ሥራ ጨርሼ ወደ ኪራይ ክፍሌ ስገባ አፌን የምከፍትበት ጉዳይ የለኝም። ከእናቴ ጋር ነበር የምኖረው፤ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። ወንበሯን ከቦታው አላነሳሁትም፤ ልብሴን አስቀምጥበታለሁ። እና መልሱ፣ ከእርስዎ ጋር ሳይሆን አይቀርም።

መጸዳጃው ምድር ቤት ነው ስላሉኝ አንድ ነገር ልምከርዎ። ደረጃውን ፈርተው ውሃ እንዳይቀንሱ። የርስዎ ሕመም የተነሳው ከሽንት ቧንቧ ነው፤ ውሃ ካነሰው መመለሻ መንገዱን ያውቀዋል።


ታኅሣሥ 12

ልጄ፣

ውሃውን እየጠጣሁ ነው፤ ደረጃውንም እየረገምኩ።

ዛሬ የምጽፍልሽ በሹፌሩ ነገር ነው። አስቀይሜዋለሁ መሰለኝ። ኅዳር 23 ቀን አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። ከእሱ እንደዚያ የተበላሸ ጽሑፍ አይቼ አላውቅም። መስመሩ ቁልቁል ይወርዳል። አንዱን ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ጽፎታል። «ሾርባዬን ጠጥቼ መሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ» ይላል፤ ማንኪያውን ለማለት ነው። ወሩን ሰኔ ብሎታል።

እኔ ደግሞ አመሌ አይለቀኝም። መሪውን ሰረዝኩና «ማንኪያ! ጡረታ ወጥተሃል» አልኩበት። በተደገመው ላይ «ተደግሟል፣ ይሰረዝ» ብዬ ጻፍኩ። ከግርጌው «ከአሥር ሦስት። እየነዳህ ነው እንዴ የጻፍከው?» አልኩና በዚያው ቀን ፖስታ ቤት ወሰድኩት። ብቻዬን ስስቅ ከሥር ያለችው ጎረቤቴ ጣራዋን በመጥረጊያ ደበደበች አሉ፤ እኔማ የት ሰምቼ።

ከዚያ ወዲህ ዝም አለ። ሦስት ደብዳቤ አከታትዬ ላክሁ፤ አንድም መልስ የለም። ሰውየው ኩሩ ነው፣ ሆደ ባሻም ነው። ከአሥር ሦስት አይሰጥም ነበር።

አንቺ ትደውይለት የለ? ዘጠናኛው ቀናችን አልፏል። «አራሚው ይቅርታ ይላል፣ ሦስቱንም ዘጠኝ አድርጎታል» በይልኝ።


ታኅሣሥ 20

የተከበሩ አባት፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ። የዘጠናኛው ቀን ፎርም ከዚህ ጋር ተያይዟል። በጥናቱ ደንብ መሠረት ስለ ሌላ ተሳታፊ ሁኔታ መግለጫ መስጠት አይፈቀድም። ሆኖም እንዳልተቀየሙዎት እርግጠኛ ነኝ።

ብርዱ በርትቷልና ራስዎን ይጠብቁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ነርሷ


ጥር 1

ልጄ፣

ፎርሙን ሞልቼ ልኬዋለሁ።

ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አነበብኩት። አንድም ስህተት የለበትም። ከሥራዬ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ ሰው የልቡን ሲጽፍ ይሳሳታል። ስህተት የሌለበት ወረቀት ሦስት ጊዜ የተገለበጠ ወረቀት ነው። ይህችን አምስት መስመር ለምን ሦስት ጊዜ ገለበጥሻት?

ደግሞ «አባባ» ነበርኩ፤ «የተከበሩ አባት» ሆንኩ።

እንዳልተቀየመኝ በምን እርግጠኛ ሆንሽ? ላይቀየም የሚረጋገጥለት አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው። ሞቷል? አዎ ወይም አይደለም በይኝ። መጻፍ ከከበደሽ ሣጥን ሥሪና ምልክት አድርጊበት።


ጥር 14

አባባ፣

አዎ።

ያረፉት ኅዳር 26 ቀን ጠዋት ነው። በታኅሣሥ መጀመሪያ ስደውል ስልኩን ያነሱት አከራያቸው ናቸው።

ደንቡ ከለከለኝ ያልኩዎ ውሸት ነው። የሹፌሩ ፎርም ላይ «የቅርብ ዘመድ» በሚለው ቦታ የተሞላው የእርስዎ አድራሻ ነው። «ዝምድና» በሚለው ላይ «ወንድም» ብለው ጽፈዋል። ወረቀቱ እንደሚለው ከሆነ ከማንም በፊት ሊነገር የሚገባው ለእርስዎ ነበር። እኔ ግን ደንቡን ምርኩዝ አድርጌ ቆምኩበት። ምክንያቱም ሞታቸውን ከነገርኩዎ የሚቀጥለውንም መንገር ሊኖርብኝ ነው።

ከሆስፒታል የወጡ ቀን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ሲያስሩ ደረስኩ። ሊወስዳቸው የመጣ ሰው የለም። «ልጄ፣ ሞተሬን ስታዪው ሰንብተሻል፤ እንዴት ነው?» አሉኝ። ያን ጠዋት በስልክ አራት ሞት መዝግቤ ነበር። ለአንድ ሰው እንኳ ደስ የሚያሰኝ ነገር መንገር አማረኝ። ፋይሉን የምንከፍተው የጥናቱ ዋና ሐኪምና እኔ ብቻ ነን። ከፈትኩት። በመጀመሪያው ቀን ዘጠኝ የነበረው በሦስተኛው ቀን ሁለት ገብቷል። እንዲህ ከወረደላቸው ከመቶ ሰዎች ዘጠና አራቱ ይድናሉ። «ደምዎ እንደ አዲስ ነው፤ ገና መቶ ዓመት ይነዳሉ» አልኳቸው። ሳቁና እጄን ሳሙኝ።

አከራያቸው የነገሩኝን እንዳለ ልጻፍልዎ። «ትኩሳት የለውም፣ ግንባሩን እየነካሁ አየዋለሁ። ምግብ አስጠላው። ቃል ይጠፋበት ጀመር። እኔኑ ‹ትኬትሽን አሳዪ› አለኝ። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው ‹ደሜ ተመርምሯል፣ ነርሷ መቶ ዓመት ትነዳለህ ብላኛለች› አለ። ሰውየውን እንዴት ልግፋው? በአምስተኛው ቀን ጠዋት ሻይ ይዤለት ስገባ…» አሉኝ።

በእናንተ ዕድሜ ኢንፌክሽን ሲመለስ ብዙ ጊዜ ትኩሳት አይቀድመውም። ይህን እኔ አውቃለሁ፤ እሳቸው አያውቁም። ቁጥሩን ነገርኳቸው፣ ይቺን አንድ ዐረፍተ ነገር ግን አልነገርኳቸውም።

ይቅርታ የሚለውን ቃል ጽፌ ሰረዝኩት። አነሰብኝ።


የካቲት 8

አባባ፣

ያለፈው ደብዳቤዬ ደርሶዎት ይሆን? ባይመልሱልኝም አይፈረድብዎትም። ውሃ ብቻ ይጠጡ።


የካቲት 26

አባባ፣

ዛሬ ስልክ ደወልኩ። አነሱት። «ማን ልበል?» ሲሉ ሰማሁ። እኔ ነኝ አልኩ፤ አልጮህኩም። ትንሽ ቆዩና ዘጉት። ድምፅዎ ደህና ነው።


መጋቢት 9

ልጄ፣

ሁለት ሳምንት ተናደድኩብሽ። «መቶ ዓመት ይነዳሉ» የሚለውን በቀይ ሳሰምርበት፣ ሳሰምርበት፣ ወረቀቱ ተቀደደ። ከዚያ የአከራይዋን ቃል ደግሜ አነበብኩት። «ቃል ይጠፋበት ጀመር።»

የተበላሸውን ደብዳቤ የነገርኩሽ በታኅሣሥ ነው። ነርስ ነሽ፤ ያኔውኑ ገብቶሻል። ስለ ትኩሳቱ ስትጽፊልኝ ትኩሳት ካልቀደመ ምን እንደሚቀድም ሳትነግሪኝ አለፍሽው። እኔን ለማትረፍ ብለሽ ነው። ግን አራሚ የተዘለለ መስመር አያመልጠውም።

መሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ ብሎ ሲጽፍልኝ እየሞተ ነበር። እኔ የስህተት መዓት ያልኩት ሕመሙ ራሱ ነው። ያንን ወረቀት እንዲያነብ በዓለም ላይ ከሁሉ ሰው የተመረጠው እኔ ነኝ፤ ሲያንኮራፋ እንኳ ፊደል ሲያርም የኖረ ሰው። አንቺ ቁጥር አይተሽ አመንሽ፤ እኔ ፊደል አይቼ ሳቅሁ።

ደብዳቤው በሁለት ቀን ደረሰኝ። ከደረሰኝ በኋላ ሦስት ቀን ኖሯል። ሦስት ቀን! ከሥር ያለችውን ጎረቤቴን «ደውዪልኝ፣ ሰውዬውን ሐኪም ቤት ውሰዱት በያቸው» ብላት ትደውልልኝ ነበር። ሌላው ቢቀር አውቶብስ ነበረ።

ተናድጄብሽ ነበር ያልኩሽ ለዚህ ነው። ብቻሽን ጥፋተኛ ብትሆኚ ይሻለኝ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ እንቅልፍ ነሳኝ። ያረምኩትን ኅዳር 23 ከላክሁት፣ ኅዳር 25 ሊደርሰው ይችላል። ከመሞቱ በፊት «ከአሥር ሦስት»ን አንብቧል? ሌላ ሰው አልጠይቅም። አንቺን ግን ልጠይቅሽ።


መጋቢት 28

አባባ፣

ይህን በስልክ ማጣራት አልፈለግሁም። ቅዳሜ በጠዋት አውቶብስ ተሳፍሬ ሄድኩ።

አላነበቡትም። አራቱም ደብዳቤዎችዎ እንደታሸጉ የመደርደሪያው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። አከራያቸው «ፖስታውን ስሰጠው ‹ሲሻለኝ አነበዋለሁ› ብሎ እዚያ አኖረው» አሉኝ። ማኅተሙን ራሴ አየሁት።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ መስኮቱ ከአውቶብስ መናኸሪያው ፊት ለፊት። ከአልጋው በላይ ግድግዳው ላይ እርስዎ አርመው የመለሱላቸው ደብዳቤዎች በሙሉ በመርፌ ቁልፍ ተሰክተዋል። አምስት፣ ስድስት፣ አምስት፣ ሰባት። ሰባቷ መሀል ላይ ናት። አከራያቸው «ለመጣው ሰው ሁሉ ያሳይ ነበር፤ ‹ይህን ያህል ዓመት ነድቼ፣ የጻፍኩትን ቁጭ ብሎ ያነበበልኝ ይሄ ሰው ብቻ ነው› ይል ነበር» አሉኝ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ሴትየዋም አብረውኝ አለቀሱ።

ከአራቱ መጀመሪያ የደረሰውን ፖስታ ተቀብዬ መጣሁና ሰኞ ዋናው ሐኪም ቢሮ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ፋይሉን ከፈትሽ?»

«አዎ።»

«ለስንት ሰው?»

«ለአንድ።»

ፖስታውን እርስዎን ሳላስፈቅድ ከፈትኩላቸው፤ በዚህ ይቅርታ። ሁለት ጊዜ አነበቡት፣ ቀዩንም ጥቁሩንም። «ከመቶ ስድስቱ ይሞታሉ ብለን ስንጽፍ፣ ከስድስቱ አንዱ ማንኪያውን መሪ ብሎ እንደሚጠራ ማን አስቦ» አሉ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ፤ የፋይሉንም ቁልፍ ወሰዱብኝ። ትክክል ናቸው። ከዚያ፣ ከሆስፒታል ለሚወጣ ለእያንዳንዱ አረጋዊና አብሮት ለሚኖር ሰው የሚሰጥ አንድ ገጽ ወረቀት እንዳዘጋጅ አዘዙኝ። ረቂቁ ከዚህ ጋር ነው። እባክዎ ያርሙልኝ።

የርስዎን ቁጥር እንድነግርዎም ፈቅደዋል። በመጀመሪያው ቀን ሠላሳ ስምንት፣ በሦስተኛው ቀን አርባ አንድ። እንዲህ ከሆነባቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አይተርፉም። ሁለታችሁን ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው ደሙ ይተርፋሉ ብሎ የመረጠው እሳቸውን ነበር።


ሚያዝያ 10

ልጄ፣

የሄድሽበትን መንገድ አልረሳውም። ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ወረቀቱ ይረጥብብኛል።

ወደ ሥራችን። «የንቃተ ሕሊና መዛባት ሲያጋጥም» ብለሻል። ይህን የሚያነበው ማን ነው? አከራይዋ ናት። ሻይ ይዛ የምትገባው ሴትዮ ናት። ሰርዤዋለሁ። «በአፋጣኝ የሕክምና ተቋም ማማከር ይመከራል»፤ ማን ነው የሚመክረው? ይህም ተሰርዟል። እንዲህ ይሁን፤

«ሰውየው ቃል ከጠፋበት፣ የሚያውቀውን ሰው ካላወቀ፣ ጽሑፉ ከተበላሸ ወይም እንቅልፍ ካበዛ፣ ትኩሳት ባይኖረውም በዚያው ቀን አምጡት። ደሙ ጥሩ ነው ተብሎ የነበረ ቢሆንም አምጡት። አልሄድም ቢላችሁም አምጡት።»

«አምጡት» ሦስት ጊዜ መጥቷል። ተደግሟል፤ አይሰረዝ።

አንድ ነገር ደግሞ ላስቸግርሽ። ከእንግዲህ ደብዳቤዬ ሲደርስሽ ወሬውን ብቻ አይደለም፣ እጅ ጽሑፌንም እዪው። አንድ ቀን ከተዛነፈ አትሳቂ። ከሥር ያለችውን የጎረቤቴን ስልክ ከጀርባው ጽፌልሻለሁ፤ መጥረጊያ ትወዳለች እንጂ ደግ ሴት ናት።


መስከረም 10

አባባ፣

ማክሰኞ ከዓመቱ ምርመራ ተመልሰው በደህና ቤትዎ መግባትዎን ጎረቤትዎ በስልክ ነገሩኝ። ስላመሰገንኳቸው «እኔም ከዛሬ ጀምሮ ጣራዬን አልመታም» ብለውኛል።

ዎርዱን ልይ ብለው በር ላይ ቆመው ሳሉ ምን እንዳሰቡ አልጠየቅሁዎትም። አልጋ ሰባት ላይ የተኙት ሰውዬ እጃቸውን ሲያውለበልቡልዎ እርስዎም አውለበለቡ፤ ከዚያ ዞር አሉና ኮቴን አምጪልኝ አሉኝ። ኮቱን አለበስኩዎ። ከመናገር መጻፍ ይሻለኛል፤ ለዚህ ነው የምጽፍልዎ።

ወረቀታችን ከግንቦት ጀምሮ እየተሰጠ ነው። በሐምሌ አንዲት የሰባ ዘጠኝ ዓመት እናትን ልጃቸው ወረቀቱን በእጁ ይዞ አመጣቸው። «በወንድሜ ስም ጠራችኝ» አለ። ትኩሳት አልነበራቸውም። በዘጠኝ ቀን ድነው ወጡ። በነሐሴ ደግሞ አንድ አባት እንዲሁ በቀኑ መጥተው አረፉ። ሁለቱንም የምነግርዎ አንዱን ብቻ ብነግርዎ ስለሚያውቁብኝ ነው።

የዓመቱ ውጤትዎ ወጥቷል። ዋናው ሐኪም ራሳቸው ከፍተው «ንገሪያቸው፣ ግን በደንብ ንገሪያቸው» አሉኝ። ዜሮ ነጥብ ዜሮ አራት። የጤነኛ ሰው ደም ነው። እንኳን ደስ ያለዎት። አሁን ደግሞ በደንብ ልንገርዎ፤ ይህ የማክሰኞ ደም ነው። ስለ ረቡዕ የሚያውቀው ነገር የለም።

ጥናቱ በእርስዎ ተዘጋ፤ የዝርዝሩ የመጨረሻ ሰው ነዎት። ከእንግዲህ ልጽፍልዎ የሚያዘኝ ፎርም የለም። ስለ ረቡዕ ግን ማወቅ እፈልጋለሁ።


ረቡዕ፣ መስከረም 16

ልጄ፣

ጠዋት ዘነበ፤ ቀትር ላይ አባራ። ዳቦ ቤት ድረስ ሄጄ ተመለስኩ፤ ደረጃው ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ቆምኩ። ከሰዓት በኋላ አሮጌ የመንገድ ካርታ አውጥቼ ሹፌሩ ይነዳበት የነበረውን መንገድ በጣቴ ሄድኩበት። እሱ ቀኑን ሙሉ የሚፈጅበትን እኔ በአንድ ሰዓት ጨረስኩት። መጨረሻው ላይ የት እንደሚያቆም አላውቅም፤ ነግሮኝ አያውቅም፣ እኔም ጠይቄው አላውቅም።

አመሻሹ ላይ አለቀስኩ። ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ብዙ አለቀስኩ። ጮኼም ይሆናል፤ አልሰማሁትም።

ከዚያ ፊቴን ታጠብኩ፤ ሾርባ ሠርቼ ጠጣሁ። ደህና ነኝ።